ሳያረጁ አንቱ መባል

ይድረስ ለአባየ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንተን ጤና የምጠይቅበት ጊዜ ግን አልፏልና ደህና ነህ ወይ ብየ ራሴን አላታልልም። ከተለያየን ወዲህ ሁለት ጊዜ ገብስ ታጭዶ ገባ። የመጀመሪያውን ሐዘን ላይ ስለነበርን ጎረቤት ነው ያነሣልን። የዘንድሮውን መልካሙ አጨደው። አንተ አጎንብሰህ ከጀመርክ ማሳው ዳር ሳትደርስ ቀና አትልም ነበር፤ ልጅህ ግን ቶሎ ቶሎ ቀና ይላል፣ ወገቡን ይዞ ይተነፍሳል። ወደዚያ እመለስበታለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ቦራ በሬህ እርጅና ተጫጭኖት ቀንበር አይሸከምም። እማየ ግን ለማንም አልሰጥም ብላ ጭድ እየመረጠች ታበላዋለች፤ ላየ ሰው በሬ ሳይሆን አማቷን የምትጦር ነው የምትመስለው። ጋቢህ ከተሰቀለበት አልወረደም። ከጓሮ ያለው ባሕር ዛፍ አንዱ በንፋስ ወድቆ የጎረቤትን አጥር ሰብሮ ነበር፤ አንተ የለህምና ማን ያስታርቀን ብለን ስንጨነቅ፣ ጎረቤታችን ራሱ መጥረቢያ ይዞ መጥቶ ፈልጦልን ሄደ። እኔ ንፋስ መውጫ ቤት ተከራይቼ አስተምራለሁ። የከተማው ስም ያለ ነገር አልወጣለትም፤ ይህን ስጽፍልህ እንኳ ንፋሱ በሩን ሲገፋው ሰው መጣ ብየ ተነሥቻለሁ።

አባየ፣ ይህን ሁሉ የምዘበዝበው ዋናውን ወሬ ለማዘግየት ነው። ታውቀኛለህ፤ ክፉ ነገር ልናገር ስል ዙሪያውን ነው የምዞረው። መልካሙ ሸብቷል። በሃያ ዓመቱ ጆሮ ግንዱ ሁሉ ነጭ ሆኗል።

ባንተ ዘመን ቢሆን ይህ የምሥራች ነበር። በእኛ ቤት ሽበት እንደ ርስት ነው የሚወርደው። አያታችን ሠላሳዎቹን ሳያጋምሱ ነጭ ሆኑ ይባላል። አንተ እኔ ስወለድ፣ ገና ሃያዎቹ ላይ ሳለህ፣ መሸበት ጀምረህ ነበር። ነፍስ ሳውቅ የማስታውሰው ራስህ የተባዘተ ጥጥ መስሎ ነው። አገሩም ከእድሜህ ይልቅ ሽበትህን አመነ። ጓደኞችህ ገና የገና ጨዋታ የሚጫወቱ ጎረምሶች ሳሉ አንተን እርቅ ላይ አስቀመጡህ። ከስማዳ እስከ እስቴ ሴት ልጅ ሲጠየቅ፣ ባልና ሚስት ሲጣሉ ይጠሩህ ነበር። ሰው ተገድሎ ሁለት ወገን ሲፈላለግም መሐል ገብተህ ደም ታደርቅ ነበር። ሽማግሌ ሳትሆን ሽማግሌ ሆንክ። አባቶችህ የሚሆኑ ሰዎች ከተቀመጡበት ድንጋይ እየተነሡ አንቱ ካልተቀመጡ ይሉህ ነበር።

ያን የመካነ ኢየሱሱን ጉዳይ ታስታውሳለህ? ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ መንደር ለአንድ ሰው ልጅ ሚስት ልትጠይቁ ሄዳችሁ። የልጅቱ አባት እድሜያቸው የትና የት፣ ሽበትህን አይተው ጉልበትህን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። አንተ ደግሞ ደንግጠህ የሳቸውን ጉልበት ለመሳም ጎንበስ ስትል ግንባር ለግንባር ተጋጫችሁ። ልጅቱን አግኝታችሁ፣ አንተ ግንባርህን አሳብጠህ መጣህ። እማየ በሳቅ ፈርሳ ቅቤ እንኳ መቀባት አቅቷት ነበር። ያ እብጠት ጠቁሮ፣ ወይንጠጅ መስሎ፣ ለሳምንታት አልጠፋም። የክብር ማኅተም አልነው። ሳቅንበት እንጂ ማንም ለምን አይጠፋም ብሎ አልጠየቀም።

ደጅ አንቱ ሲሉህ ውለህ ቤት ስትገባ ግን ሌላ ሰው ነበርክ። የመንደሩ ልጆች ሁሉ አባታቸውን አንቱ ሲሉ፣ እኛን ግን ‘አንቱ የሚለኝ ሰው እዚህ ቤት እራት አይበላም’ ብለህ ከለከልከን። አንድ ቀን የአብነት ተማሪ እንግዳ ፊት አፌን አዳልጦኝ አንቱ ብልህ፣ ዞር ብለህ ከኋላህ የቆመ ሰው የምትፈልግ መሰልክ። ሁላችንም ሳቅን። የዚያን ጊዜ ጨዋታ ነበር የመሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ ዓለም ሁሉ ሽማግሌ ባደረገህ ጊዜ ወጣት የምትሆንበት አንድ ቤት ነበር የፈለግኸው። ለዚህ ነው ዛሬም ያለ ሐፍረት አንተ እያልኩ የምጽፍልህ።

ከሁለታችን ልጆችህ የእኔ ጸጉር እንደ ከሰል ጠቁሮ ቀረ። ‘ይህችን ከየት አመጣናት? ከርስቱ የማይደርሳት!’ እያልክ ጥቁሬ አልከኝ። ስሙን ብወደውም ነገሩ ቅር ይለኝ ነበር። መስታወት ፊት ቆሜ ጸጉሬን እየፈለፈልኩ አንዲት ነጭ የፈለግሁበት ቀን ብዙ ነው። ሴት ልጅ ሽበት ስትመኝ ያየ ሰው እብድ ናት ይል ነበር።

ሕመምህ ሲጀምር ሁሉም ነገር ስም ነበረው። ጥፍርህ እየሳሳ ሲሰነጠቅ የእርፍ ነው አልን። ጥርስህን ስትፍቅ ድድህ ሲደማ እንጨቱ ጠጥሮ ነው አልን። ዳገት ሲያደክምህ ደግሞ ሽበት ያለው ሰው ይደክመዋል ተባለ። ይኸ ሁሉ ሰው አርባ አምስት ዓመት እንኳ እንዳልሞላህ ረስቶ ነበር። እኛም ጭምር። ጤና ጣቢያው ደም ማነስ ነው ሲል ጉበት ጠበስንልህ፣ ምስር ቀቀልንልህ፤ ጠበል ወሰድንህ። አልመለስ ሲል ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ገባህ።

መጀመሪያ የነገሩን መቅኔህ ደም መሥራት እንደተወ ነው። የሰው ደም እየተሰጠህ ከረምክ። ከዚያ ደግሞ ያው መቅኔ መሥራት ጀመረ ብለን ልንደሰት ስንል፣ የሚሠራው የተበላሸ ደም ነው፣ የደም ካንሰር ሆኗል አሉን። እማየ ይህ ፈጽሞ አልገባት አለ። ያቆመ ነገር እንዴት ተመልሶ ይበዛል? ብላ ተጨነቀች። በራሷ ቋንቋ ነው ያስረዳኋት። ማሳ ሲደክም ገብሱ ይሳሳል፤ ገብስ የሳሳበትን ቦታ እንክርዳድ ይወርሰዋል። ያኔ ገባት፤ ትንሽ አሰብ አድርጋም ታዲያ እንክርዳዱን ብቻ ቢያርሙልንስ አለችኝ። የሚያርመው መድኃኒት ማሳውንም ያቃጥላል፤ ያንተ ማሳ ደግሞ ያን የሚችል አልነበረም።

ተኝተህ ሳለህ መልካሙ ራስጌህ ተቀምጦ ነበር። ጆሮው አጠገብ አንዲት ነጭ ጸጉር አየህና በዚያ በተሰነጠቀ ጥፍርህ ያዝ አደረግሃት። ‘ወራሼ!’ ብለህ ሳቅህ። እሱም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ብዙም አልሳቅህም።

በማግስቱ ይመስለኛል ዶክተሯ በረንዳ ላይ ጠራችኝ። ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። በቤታችሁ ያለ ጊዜው የሸበተ ሰው አለ ወይ አለችኝ። አባየ፣ እኔ ደግሞ ስኮራ! አያቴም፣ አባቴም፣ አሁን ደግሞ ወንድሜ ጀምሮታል፣ ዘራችን ነው አልኳት። የምታደንቀን መስሎኝ ነበር። እሷ ግን አያትሽ በምን ሞቱ? ጥፍራቸውስ? ብላ ጠየቀችኝ። አያታችን እየሳሉ፣ ትንፋሽ እያጠራቸው ነው የሞቱት። ያን ስነግራት ድምፄ እየቀነሰ ሄደ።

ያስረዳችኝ ይህን ነው። ሽበት ብቻውን በሽታ አይደለም፤ በጊዜ የሚሸብት ጤነኛ ሞልቷል። በአንዳንድ ቤት ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድ እክል አለ። ሰውነት ራሱን የሚተካበት አቅም ከውልደት ጀምሮ አጭር ይሆናል። ያ አቅም ቀድሞ ሲያልቅ ጸጉር ይነጣል፣ ጥፍር ይሳሳል፣ ሳንባ ይጎዳል፣ መቅኔ ይደክማል። የደከመ መቅኔ ደግሞ አንዳንዴ ወደ ካንሰር ይዞራል። ወደ ልጅ ሲወርድም ምልክቱ እያደር ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። አያታችን በሠላሳዎቹ፣ አንተ በሃያዎቹ፣ መልካሙ ሃያ ሳይሞላው። ልጆቹ መታየት አለባችሁ፣ ቀድሞ ከታወቀ ደሙን መከታተል ይቻላል አለችኝ። እንክርዳዱ ሳይበቅል ማለቷ ነው። ለአንተ አልነገርኩህም። ያ ራስህ ስንት ሰው ያስታረቀ ራስ ነው፤ በመጨረሻው ሳምንትህ ሽበትህ ሕመም ነበር ልልህ አልቻልኩም።

ቀብርህ ላይ ከስማዳም ከእስቴም ሰው መጣ። አንቱ፣ አንቱ፣ ወዴት ሄዱብን እያለ አለቀሰ። እህትህ ደግሞ ይህን አለች፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ከጆሮዬ አልወጣም፦

ደም አድራቂው ሄደ ደሙ ደረቀበት፣
ማን ያስታርቅ ይሆን ሞትን ከእኛ ቤት።

ከአርባህ በኋላ ነገሩን አወጣሁት። እማየ ሰምታ ሰምታ እንጨት ልትለቅም ወጣች፤ ምድጃው ሥር እንጨት ሞልቶ ሳለ። የፈራችው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አገራችን ለጋብቻ ሲጠያየቅ መጀመሪያ የሚያነሣው ዘር ነው። ዘራቸው ደም ያደርቃል ከተባለ እኔን ማን ይጠይቀኛል፣ ለመልካሙስ ማን ልጁን ይሰጠዋል? መልካሙ ግን በሌላ በኩል መጣብኝ። ‘የአባየን ጸጋ በሽታ ነው ልትይኝ ነው? አገር ሁሉ ያከበረውን?’ አለኝ። መልሱ አዎ ነበር።

የባሰው ደግሞ አገሩ እሱንም አንቱ ማለት ጀመረ። ሽበቱ ጠንከር ሲል ባንተ ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። በሃያ ዓመቱ፣ ጢሙ እንኳ ሳይሞላ፣ የወሰን ክርክር ሊሰማ! እሱም ያንተን አቀማመጥ ያውቅበታል፤ ከዘራውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ራሱን ዘንበል አድርጎ ሲሰማ ላየው አንተ ነህ። ሐኪም ቤት እንሂድ ባልኩት ቁጥር በእርቅ አሳበበ። እየገረጣ ሲሄድ ባየውም ከንግግር በቀር ምንም አልነበረኝም። እኔ ላስተምር ንፋስ መውጫ ስሄድ፣ እሱ ሊያስታርቅ ይሄድ ነበር። በየሳምንቱ እሑድ እየመጣሁ እለምነው ነበር። አንቱ የሚለው ሰው ግን በየቀኑ ነበር።

ያቆመችው እማየ ናት። አንድ እሑድ ጠዋት ጥርሱን ሲፍቅ ቆይቶ እንጨቱን ጥሎት ሄደ። እማየ አነሣችው። ጫፉ ላይ ደም ነበር። እኔ አጠገቧ ነበርኩ፤ እንጨቱን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ወይራው ሥር ተሰብስበው ነበር። አንድ ጎልማሳ ተነሥቶ ለመልካሙ ‘አንቱ ይፍረዱን’ ሲል እማየ ከሴቶቹ መሐል ወጥታ ሄደች። ታውቃታለህ፤ ሰው ፊት ድምጿን አውጥታ የማታውቅ ሴት ናት፤ አንተን እንኳ ሰው ፊት አንቱ ብላ ነው የኖረችው። ሽማግሌዎቹ ፊት ቆማ የተቋጠረውን ፈታችና እንጨቱን መሬት ላይ አስቀመጠችው።

‘ልጄን አንቱ አትበሉብኝ’ አለች። ‘አባቱን አንቱ እያላችሁ ነው የቀበራችሁት። እኔም ጭምር። ይህ ገና ልጅ ነው፤ ስሙን ጥሩት!’

መልካሙ ተነሣ፤ ሊቆጣ መስሎኝ ነበር። ከዘራህን ድንጋዩ ላይ አስደግፎ ወደ እሷ መጣና እንጨቱን ከመሬት አነሣው። ቤታችን እስክንደርስ ሲያለቅስ ሄደ። እማየ ዘራችን እንዲህ ነው ብላ በአደባባይ መናገሯ ነበር፤ የፈራችውን ሁሉ በገዛ እጇ አፈረጠችው።

በሳምንቱ ሄድን። ዶክተሯ አስታወሰችኝ። ደሙን ቀዱት፤ ከዳሌው አጥንት መቅኔም ወሰዱለት። ያንጊዜ እጄን ሲጨብጠኝ የተሰማኝን ሕመም አሁንም ጣቶቼ ላይ አገኘዋለሁ። መቅኔው ደክሟል፤ ካንሰር ግን የለውም። ገና ነው። የሚያጠናክር መድኃኒት ጀምረውለታል፤ በየወቅቱ እየተመላለሰ ይታያል። ማሳው ሳስቷል፣ እንክርዳድ ግን አልታየም አልኳት ለእማየ። ተንበርክካ መሬት ሳመች።

እኔም ተመረመርኩ። መልካሙን ለዘለቄታው የሚያድነው የሌላ ሰው መቅኔ ሲተከልለት ነው፤ ሰጪው ወንድም ወይ እህት ቢሆን ይመረጣል፤ ግን ያ ሰው ራሱ የዚህ ቤት እክል ሊኖረው አይገባም አሉ። ናሙናችን ውጭ ሀገር ተልኮ መልሱ ብዙ ቆየ። የመጣው ባለፈው ወር ነው። እኔ የለብኝም፣ አባየ። ከርስቱ አልደረሰኝም። የኔና የእሱ መቅኔም ይስማማል።

መደሰት ነበረብኝ። ደስ ብሎኛልም፤ ግን መጀመሪያ የመጣብኝ ልቅሶ ነው። ልጅ ሆኜ መስታወት ፊት የፈለግኋት ያች ነጭ ጸጉር ትዝ አለችኝ። ያላገኘኋት ለወንድሜ ነበር። ንቅለ ተከላው እዚህ አይደለም የሚደረገው፤ መቼ እንደምንሄድ፣ መሄዳችንም ይሁን አይሁን፣ ገና አላወቅንም። አንዳንድ ቀን ተስፋ አለኝ። ሌላ ቀን ደግሞ ያንተ መቅኔ ሲደክም ለምን አንድ ሰው ሽበትህን እንደ ሕመም አላየልንም እላለሁ፤ አምስት ዓመት ቀድመን ብንጠይቅ ኖሮ አሁን ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር ብየ እብሰከሰካለሁ። ሐዘኔ ከሁለት አጨዳ በኋላም አልቀነሰም። እንዲያውም እሱን ባየሁት ቁጥር አንተን ነው የማየው።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ፣ የእውነት ሽማግሌ፣ ከሩቅ ‘አንተ መልካሙ! ና ይህን ጆንያ አሸክመኝ!’ ብለው ጮኹ። ሰው ሁሉ ዞር አለ። መልካሙ ቆሞ ቀረ፤ ከዚያ እንደ ልጅ ሮጠ። ጆንያውን አሸክሟቸው ሲመለስ ፊቱ በርቶ ነበር። አንተ ቤትህ ውስጥ የነበረህ ፊት ነው፤ እኛ አንተ ስንልህ የነበረው።

አባየ፣ አገሩ ዛሬም ሲያነሣህ አንቱ ይልሃል፤ ማክበሩ ነውና አልከፋበትም። እኔ ግን የልጆች አባት ሳትሆን ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ እንደነበርክ፣ ግንባርህን አሳብጠህ እንደሳቅህ፣ ቶሎ ሳያስረጁህ ልጅ መሆን እንደፈለግህ አልረሳም። ለመልካሙ የሚሆነውን መቅኔ ይዤ እየጠበቅሁ ነው። ከቆየሁ ደግሞ በጊዜው እሸብታለሁ፤ ያች ነጭ ጸጉር ስትመጣ አልነቅላትም። ሰዎችም አንቱ ይሉኛል። እስከዚያም፣ ከዚያም ወዲያ፣ አንተን አንተ እልሃለሁ።

ጥቁሬህ